«ሲስተሙ ነው የመለሰው» የሚባል ሰበብ ይብቃ!

ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ፊደል ነው።

አባቴ ካረፈ በኋላ የእናቴን የጡረታ ጉዳይ ለማስጨረስ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ይዣት ሄድኩ። መስኮት 7 ላይ ያለው ልጅ ስልክ ቁጥሯን ለማስገባት መዝገቧን ከፈተ። ከመታወቂያዋ ጋር ሲያስተያይ ስሟ ላይ ስህተት አየ። በመታወቂያዋ ስሟ የሚያልቀው በ«ች» ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን «ች» የለችም። «እማማ፣ ስም የሚያስተካክሉት መስኮት 4 ናቸው። እዚያ አስተካክለው ይመለሱ፤ እኔ ከፍቼ እጠብቅዎታለሁ» አለን። ቅን ልጅ ነው።

መስኮት 4 ሄድን። ልጅቷ መታወቂያውን አየች፣ «ች»ን ጨመረች፣ ስክሪኑን አዙራ አሳየችን። በዓይኔ አይቻለሁ። ወደ መስኮት 7 ተመለስን። ልጁ እንዳለው መዝገቡን ከፍቶ ጠብቆናል። ስልክ ቁጥሯን ጻፈ፣ «ሴቭ» አደረገ፣ «ጨርሰዋል እማማ» አለን። እናቴም መርቃው ወጣን።

ከ2 ሳምንት በኋላ ስንመለስ «ስም አይመሳሰልም» ተባልን። «ች» የለችም።

«ተስተካክሎ ነበር እኮ!» አልኩ።

«እንግዲህ ሲስተሙ ነው የመለሰው» አለችኝ መስኮት 4 ያለችው ልጅ።

«ሲስተሙ ለምን ይመልሳል?»

«ወንድሜ፣ እኔ ምን ላድርግህ? ሲስተሙ የሚለው ይህንን ነው።»

አለቃዋ ዘንድ ገባሁ። እሱ ደግሞ ከሁሉም የባሰውን ተናገረ። «ተስተካክሎ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይታይ ነበር» ብሎ ገረመም አደረገኝ። ባጭሩ ውሸታም ነህ መባሌ ነው። ከወረዳ ደብዳቤ፣ 3 ምስክር፣ አዲስ ማመልከቻ፣ ከዚያ ወረፋ ተከተለ። ጉልበቷን የሚያማት ሴት ለአንዲት ፊደል 4 ወር ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ከረመች።

እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሥራዬ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ ወዳጄን ጠየቅኩ፣ ያነበብኩትንም አነበብኩ። ያገኘሁት መልስ ንዴቴን አላበረደውም። ሲስተም በራሱ ተነስቶ የሰውን ስም አይመልስም። አንድ ሰው ያልሠራው ሥራ፣ ያላነሳው ጥያቄ፣ ያልከፈለው ትንሽ ወጪ አለ ማለት ነው። «ሲስተሙ ነው» የሚለው ቃል የሚያገለግለው ያንን ሰው ለመደበቅ ብቻ ነው። ዛሬ የምጽፈው ይህንን ለማሳየት ነው። ነገሩ ቴክኒካል ስለሚመስል ብዙዎቻችን ፈርተን እናልፈዋለን። አትፍሩት፤ ከመዝገብ ቤት ሥራ የሚከብድ ነገር የለውም።

*ዳታቤዝ አይፍቅም*

የድሮ መዝገብ ቤት ሠራተኛን አስታውሱ። ጥሩ ሠራተኛ ከሆነ የተሳሳተን ቃል በምላጭ አይፍቅም። በአንድ መስመር ይሰርዘዋል፣ ከጎኑ ትክክለኛውን ይጽፋል፣ ቀን ጽፎ ይፈርማል። አሮጌውም ይነበባል፣ አዲሱም ይነበባል፣ ማን እንደቀየረውም ይታወቃል። «ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም» የሚባለው ፊርማ የሌለበትን ስርዝ ለመከላከል ነው።

ዛሬ ባንኮች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የቴሌኮም ድርጅቶች የሚጠቀሙባቸው ዋና ዋና ዳታቤዞች በውስጣቸው የሚሠሩት ከዚህ ጥሩ መዝገብ ያዥ ጋር በሚመሳሰል መንገድ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዴቪድ ሪድ የተባለ ተመራማሪ በ1978 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤምአይቲ ለዶክትሬት ባቀረበው ጽሑፍ ላይ ይገኛል፦ መረጃ ሲቀየር አሮጌውን አታጥፋ፣ አዲስ ቅጂ ጨምር፣ እያንዳንዱ አንባቢም በጀመረበት ጊዜ ትክክል የነበረውን ቅጂ ይመልከት።

ለምሳሌ ፖስትግሬስ የተባለውን እንውሰድ። ነፃ ነው፣ በዓለም ላይ እጅግ ከሚሠራባቸው ዳታቤዞች አንዱም ነው። በሠንጠረዡ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ረድፍ እኛ በተለምዶ የማናያቸው ሁለት ቁጥሮች አሉት። አንደኛው «ኤክስሚን» ይባላል፤ ይህንን ቅጂ የፈጠረው የትኛው ትራንዛክሽን እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው «ኤክስማክስ» ይባላል፤ ይህንን ቅጂ የሻረው የትኛው እንደሆነ ይናገራል። አንድ ሠራተኛ ስም ሲያስተካክል ዳታቤዙ አሮጌውን ረድፍ አይነካካውም። ኤክስማክሱ ላይ የሻረውን ትራንዛክሽን ቁጥር ይጽፍበትና አዲስ ረድፍ ይጨምራል። ሰርዝ ብትሉት እንኳ ወዲያው አያጠፋም፤ «ተሽሯል» ብሎ ምልክት ያደርጋል እንጂ።

ይህ ሁሉ ለምን? ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ነው። አንዱ ረድፉን እየቀየረ ሌላው ማንበብ ቢፈልግ፣ አንባቢው ጸሐፊውን ወረፋ መጠበቅ የለበትም። ገና ያልጸደቀውን ትቶ ቀድሞ የጸደቀውን ቅጂ ያነባል። አዲሱ ሲጸድቅ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው አዲሱን ያያል። ኦራክልና ማይኤስኪውኤል አሮጌውን ቅጂ የሚያስቀምጡት በሌላ ቦታ ነው፤ ረድፉን ቀይረው የቀድሞውን መልክ «አንዱ» በሚባል ማኅደር ይይዛሉ። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨርም ከ2005 እ.ኤ.አ. እትሙ ጀምሮ ይህንን አሠራር ለፈለገ ሰው አቅርቧል። መንገዱ ይለያያል፣ መርሁ አንድ ነው።

እንግዲህ የእናቴን ጉዳይ በዚህ ዓይን እንየው። የእናቴ መዝገብ በዚያች ጠዋት 3 ቅጂ ነበረው። አንደኛው «ች» የሌላት፣ ስልክም የሌላት። ሁለተኛው መስኮት 4 የጻፈችው፣ «ች» ያላት። ሦስተኛው መስኮት 7 የጻፈው፣ ስልክ ያላት፣ «ች» የሌላት። አለቅየው «ተስተካክሎ ቢሆን ይታይ ነበር» ሲለኝ ያየው ሦስተኛውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ቅጂ፣ የእኔና የእናቴ ምስክር፣ ተሽሮ ከሥር ተኝቷል።

*«ች» እንዴት ጠፋች?*

መስኮት 7 ያለው ልጅ መዝገቡን ሲከፍት የመጀመሪያው ቅጂ ወደ ስክሪኑ መጣ። እኛ መስኮት 4 ስንሄድ ያ ስክሪን እንደተከፈተ ቆየ። የእሱ ስክሪን መስኮት 4 ላይ ስለተደረገው እርማት የሚያውቀው ነገር የለም። ስንመለስ ስልክ ጨምሮ «ሴቭ» ሲል ፕሮግራሙ ስልኩን ብቻ አልላከም፤ በስክሪኑ ላይ ያለውን ቅጽ በሙሉ፣ ከአሮጌው ስም ጋር ላከ። ዳታቤዙም ታዘዘ። ባለሙያዎቹ ይህንን «ሎስት አፕዴት» ይሉታል፤ የጠፋ እርማት እንበለው። ወዳጄ ገና ታሪኩን ሳልጨርስለት ነው «በዚያ ቀን ሌላ መስኮት ላይ ተከፍቶ ነበር?» ብሎ የጠየቀኝ። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው አለኝ።

ዳታቤዙ ለምን አልከለከለም? ምክንያቱም እሱ ያየው ሁለት አጫጭር፣ እያንዳንዳቸው ትክክል የሆኑ ትራንዛክሽኖችን ነው። መስኮት 4 ጻፈች፣ ጸደቀ። ከደቂቃዎች በኋላ መስኮት 7 ጻፈ፣ ጸደቀ። ሁለቱ አልተጋጩም። በሰው ፊት ስክሪን ተከፍቶ የቆየበት ጊዜ በዳታቤዙ ዘንድ አይቆጠርም። ያንን ክፍተት መሙላት የፕሮግራሙ ሠሪ ሥራ ነው።

ክፍተቱ የሚሞላው ደግሞ በአንድ አምድ ነው። አዎ፣ በአንድ አምድ! በሠንጠረዡ ላይ የቅጂ ቁጥር የሚባል አምድ ትጨምራላችሁ። መዝገቡ በተቀየረ ቁጥር አንድ ከፍ ይላል። መስኮት 7 ሲከፍት ቁጥሩ 1 ነበር እንበል። መስኮት 4 ስታስተካክል 2 ሆነ። መስኮት 7 ሴቭ ሲል ፕሮግራሙ «ቁጥሩ አሁንም 1 ከሆነ ብቻ ጻፍ» ይላል። አይደለም፤ 2 ነው። ምንም አይጻፍም። ልጁም ስክሪኑ ላይ «ይህ መዝገብ አንተ ከከፈትከው በኋላ ተቀይሯል፤ እንደገና ክፈተው» የሚል መልእክት ያያል። አለቀ። የ4 ወር ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ የወረዳ ደብዳቤ፣ የ3 ምስክር ልመና የሚያስቀረው ይህ ነው።

ይህ ምስጢር አይደለም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የአምድ ዓይነት አለው። የጃቫ ፕሮግራመሮች የሚጠቀሙበት ሃይበርኔት በአንድ ቃል ትእዛዝ ይሠራዋል። እንግዲህ ንገሩኝ፦ ሕዝብ የሚስተናገድበት መዝገብ ሲሠራ ይህቺን አምድ ያላስገባው ማን ነው? ሲረከብስ «ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢከፍተው ምን ይሆናል?» ብሎ ያልጠየቀው ማን ነው? ለሁለቱም ጥያቄ መልሱ ሰው ነው። ደመወዝ የሚበላ፣ ፊርማ ያለው ሰው።

*«ፋብሪካው እንዳስቀመጠው» መተውም ውሳኔ ነው*

«ያንተ ጉዳይ ትንሽ ነው፤ ትልልቆቹ ዳታቤዞች ራሳቸውን ይጠብቃሉ» የሚል አይጠፋም። አይጠብቁም። እያንዳንዱ ዳታቤዝ ትራንዛክሽኖችን አንዱን ከሌላው ምን ያህል እንደሚለይ የሚወስን ማስተካከያ አለው። ፖስትግሬስ፣ ኦራክልና ኤስኪውኤል ሰርቨር ከፋብሪካ ሲወጡ የተቀመጡት ከፍተኛው ጥንቃቄ ላይ አይደለም፤ ፍጥነትን ለማስቀደም ሲባል ዝቅ ያለው ደረጃ ላይ ነው። ከፍ ማድረግ ይቻላል። የሚያደርገው ግን ሰው ነው።

የባልና ሚስትን ሒሳብ አስቡ። ባል 5,000 ብር፣ ሚስት 5,000 ብር አላቸው። ባንኩ «የሁለታችሁ ድምር ከዜሮ እስካልወረደ ድረስ ከየሒሳባችሁ በላይ ማውጣት ትችላላችሁ» ብሏቸዋል። ባል ቦሌ፣ ሚስት መርካቶ ሆነው በአንድ ቅጽበት 8,000፣ 8,000 ብር ይጠይቃሉ። ሁለቱም ትራንዛክሽኖች የየራሳቸውን የቅጽበት ምስል ያያሉ፤ ድምሩ 10,000 ነው፤ «ይበቃል» ይላሉ። አንዱ የባልን ረድፍ፣ ሌላው የሚስትን ረድፍ ይቀይራል። አንድ ረድፍ ላይ ስላልተገናኙ ዳታቤዙ ግጭት አላየም። ከ10,000 ብር 16,000 ወጣ። ይህ ዓይነቱ ክፍተት በ1995 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጽፈው ያሳወቁት ነው። ፖስትግሬስም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያደረገውን ሰው ከዚህ ይጠብቀዋል። ያላደረገውን አይጠብቀውም።

የጽሑፍ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ፍሌክስኮይን የሚባል የቢትኮይን ባንክ ነበር። በመጋቢት 2014 እ.ኤ.አ. አንድ ሌባ በሺዎች የሚቆጠሩ የዝውውር ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ አዘነበበት። ሒሳቡ ከመስተካከሉ በፊት ያው ገንዘብ ደጋግሞ ተላለፈ። 896 ቢትኮይን ወጣ፤ ድርጅቱ ተዘጋ። ማንም የይለፍ ቃል መስበር አላስፈለገውም።

*ሲፈለግ ያስታውሳል*

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት፣ 2016 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ ደንበኞች ከሌላቸው ገንዘብ በላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ ኤቲኤም ላይ የነበረው ሰልፍ በየስልካችን ገባ። የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ በሥርዓቱ ጥገናና ፍተሻ ወቅት የተፈጠረ ችግር እንደሆነ ተነገረን። በዚያች ሌሊት ከ490,000 በላይ ትራንዛክሽኖች እንደተፈጸሙ፣ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ እንደወጣም ባንኩ ገለጸ።

እኔን የደነቀኝ ከዚያ የቀጠለው ነው። ባንኩ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ብር እንዳወጣና ወደ ማን እንዳስተላለፈ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ለጠፈ። አብዛኛው ገንዘብም ተመለሰ።

ገንዘቡ መመለሱ ትክክል ነው፤ የሰው ገንዘብ ነው። ግን ልብ በሉ። ዜጋው ከባንክ ሲወስድ ሲስተሙ እያንዳንዷን ብር ከነስምና ከነሰዓቷ አስታወሰ። በሌላ መሥሪያ ቤት ከዜጋዋ ስም ላይ ፊደል ሲወሰድ «ሲስተሙ አያሳይም» ተባለ። ሁለቱም ኮምፒውተር ናቸው። ልዩነቱ ባንኩ የገንዘቡን ታሪክ እንዲያዝ ማዘዙ ነው። የእናቴን ታሪክ ግን እንዲያዝ ያዘዘ የለም።

*መርሳትም ይታዘዛል*

እዚህ ላይ ጠንቃቃ ልሁን። «ዳታቤዙ አሮጌውን ቅጂ ይይዛል ካልክ ሄደህ አውጣው» የሚለኝ ይኖራል። አሮጌዎቹ ቅጂዎች የሚያዙት ለሥራ እንጂ ለታሪክ አይደለም። የሚያያቸው ትራንዛክሽን ሲያልቅ ይጠረጋሉ። በፖስትግሬስ ጠራጊው «ቫኪዩም» ይባላል። እንደ ፋብሪካው ማስተካከያ፣ የተሻሩት ቅጂዎች የሠንጠረዡን 20 በመቶ ያህል ሲሆኑ በራሱ ይነሳና ቦታቸውን ለአዲስ ያስለቅቃል። ኦራክልም አሮጌውን ምስል ለማቆየት መነሻ አድርጎ የሚይዘው ጊዜ 900 ሰከንድ ነው፤ 15 ደቂቃ። መጥረግ ባይኖር ዲስኩ በሙት ረድፍ ይሞላ ነበር።

ስለዚህ የእናቴ ሁለተኛ ቅጂ እኛ በ2 ሳምንታችን ስንመለስ ምናልባት ተጠርጎ ነበር። ቫኪዩሙን አልወቅሰውም፤ ጠራጊ ነው፣ ጠረገ። የምወቅሰው ከመጠረጉ በፊት ታሪኩ በሌላ ሠንጠረዥ እንዲቀመጥ ያላዘዘውን ነው። ይህም ቢሆን የሚቻልና የተለመደ ነው። ፖስትግሬስ በአሜሪካ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ ሲጸነስ አሮጌ ቅጂዎችን ሁሉ ጠብቆ «ባለፈው ወር ይህ መዝገብ ምን ይል ነበር?» ለሚል ጥያቄ እንዲመልስ ታስቦ ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. ፍጥነትና ቦታ ስለበላ ያ ችሎታ ወጣ። ፍላጎቱ ግን አልሞተም። በ2011 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የኤስኪውኤል ደረጃ የረድፍን ታሪክ የሚይዙ ሠንጠረዦችን አካተተ። ኤስኪውኤል ሰርቨር በ2016፣ ማሪያዲቢ በ2018 እ.ኤ.አ. አቀረቡት። ለሌሎቹም ታሪክ የሚጽፍ ትንሽ ትሪገር መሥራት ለአንድ ጥሩ ፕሮግራመር የቀናት ሥራ ነው።

መሣሪያው አለ ማለት ነው። የጠፋው ፈቃዱ ነው።

*«ኮምፒውተር አይዋሽም» የት ያደርሳል?*

ይህንን ነገር ቸል ያለ አገር ምን እንደደረሰበት ብሪታንያን ጠይቁ። የብሪታንያ ፖስታ ቤት በየመንደሩ ላሉ ቅርንጫፎቹ ፉጂትሱ የሠራውን «ሆራይዘን» የተባለ የሒሳብ ሥርዓት ዘረጋ። ሥርዓቱ በየቅርንጫፉ ጉድለት ማሳየት ጀመረ። ቅርንጫፍ ኃላፊዎቹ «እኛ አልወሰድንም» ቢሉ ሰሚ አጡ። ከ1999 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆትና በሒሳብ ማጭበርበር ጥፋተኛ ተባሉ። የታሰሩ አሉ፣ ቤታቸውን የሸጡ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። የሕጉ ግምት ደግሞ «ተቃራኒው እስካልታየ ድረስ ኮምፒውተሩ በትክክል ይሠራል» የሚል ነበር። ተቃራኒውን የሚያሳየው መረጃ ግን በከሳሹ እጅ ነው!

ፖስታ ቤቱ የቅርንጫፎቹን ሒሳብ ከሩቅ ሆኖ ያለ ባለቤቱ ዕውቀት መቀየር አይቻልም እያለ ለዓመታት ተከራከረ። ይቻል ነበር። በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥርዓቱ ላይ ፈረደ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ አወጣ። ለሞቱት ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ያ አለቃ «ተስተካክሎ ቢሆን ይታይ ነበር» ሲለኝ የተናገረው ይህንኑ ነው። ማስረጃው በእሱ እጅ፣ የማስረዳት ሸክሙ በእናቴ ጫንቃ።

*የሚሰነዘሩ ሰበቦች*

«ወጪ ነው» ይባላል። የቅጂ ቁጥር አምድ በረድፍ ጥቂት ባይት ነው። የታሪክ ሠንጠረዥ ቦታ ይፈልጋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የአንድ ሰው ስም በዕድሜው ስንት ጊዜ ይስተካከላል? 3 ጊዜ? 5 ጊዜ? በየሰከንዱ የሚቀያየረውን ሁሉ ለዘለዓለም ያዙ አላልኩም። ስምን፣ የትውልድ ቀንን፣ ባለቤትነትን፣ የሒሳብ ቀሪን ያዙ ነው ያልኩት። ደግሞ ወጪውን ከቆጠራችሁ የእናቴንም ታክሲ ቁጠሩት። የ3 ምስክሮችን የሥራ ቀን ቁጠሩት።

«ታሪክ መያዝ ለግል ምስጢር አደጋ ነው» ይባላል። ይህ ከባድ ነጥብ ነው፤ አላቃልለውም። የተሻረ መረጃም መረጃ ነው፣ ማንም እንዳሻው ሊያገላብጠው አይገባም። መልሱ ግን ታሪኩን ማን እንደሚያይ በሕግ መወሰን ነው። ባለቤቱ የራሱን ታሪክ እንዳያይ መከልከል የማንን ምስጢር ይጠብቃል?

«ሠራተኞቹ አልሠለጠኑም» ይባላል። ይህ ከሁሉም ያናድደኛል። መስኮት 4 ያለችው ልጅ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች። መስኮት 7 ያለው ልጅም እንደዚያው፤ እንዲያውም እናቴን ላለማጉላላት ብሎ ከፍቶ ጠበቀ። ቅንነት የሚቀጣበት ሥርዓት ሠርቶ ጥፋቱን ለቅኖቹ ማሸከም ነውር ነው።

«እንግዲያው ወረቀት ይሻላል» የሚሉም አሉ። አልስማማም። ወረቀት ፋይል ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ይቃጠላል። ኮምፒውተር ከወረቀት በላይ ማስታወስ ይችላል። የምጣላው የማስታወስ ችሎታውን ቆልፈው «ሲስተሙ ነው» ከሚሉን ጋር ነው።

*ምን እንጠይቅ?*

ፋይዳ፣ ቴሌብር፣ የአንድ ማዕከል አገልግሎት እየተባለ ኑሯችን በሙሉ ወደ ረድፍና አምድ እየገባ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የማስተካከል መብት ሰጥቶታል። ደግ ነው። ነገር ግን የተስተካከለው መረጃ በነጋታው ተመልሶ ቢጠፋ፣ ማንና መቼ እንደቀየረው ካልታየ፣ የማስተካከል መብት ምን ይረባል? ስለዚህ የሕዝብ መዝገብ የያዘ ማንኛውም ተቋም 4 ጥያቄ ይመልስልን፦

1. ሁለት ሠራተኞች አንድን መዝገብ በአንድ ጊዜ ቢከፍቱ ምን ይሆናል? መልሱ «የኋለኛው ያሸንፋል» ከሆነ ሥርዓቱ ለሕዝብ አይሁን።

2. የሰውን መብት የሚነካ መረጃ ሲቀየር የቀድሞው፣ የቀየረው ሰውና ሰዓቱ የት ይቀመጣሉ? ለስንት ዓመት?

3. ባለጉዳዩ የራሱን መዝገብ ታሪክ በአንድ ወረቀት ታትሞ ማግኘት ይችላል?

4. መዝገቡ ታሪክ ከሌለው የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ ነው? እኔ እላለሁ፦ ታሪክ ያልያዘው ተቋም ላይ።

አራቱም በጨረታ ሰነድ ላይ በአንድ ገጽ የሚጻፉ ናቸው። ሲስተም ሲመረቅ ሪባን ከሚቆረጥ፣ ሁለት ሰው ሁለት ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብለው አንድን መዝገብ ከፍተው አንድ በአንድ «ሴቭ» ይበሉ። 5 ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ጋዜጠኞችም የምረቃውን ፎቶ ከማንሳታችን በፊት ይህቺን ፈተና እንጠይቅ።

የእናቴ ጉዳይ በ4ኛው ወር አለቀ። «ች» ተመለሰች፣ ጡረታውም ተከፈለ። ስንወጣ እናቴ «ተመስገን፣ ልጄ፤ አሁንስ አይመልሰውም አይደል?» አለችኝ።

ምን ልበላት? የቅጂ ቁጥሩ አምድ እስከ ዛሬ አልገባም። «አይመልሰውም እማዬ» አልኳት። ከዚያ ግን ስልኬን አውጥቼ ስክሪኑን ፎቶ አነሳሁት።

እናንተም አንሱ። በየመስኮቱ «ሲስተሙ ነው» ስትባሉ «ማን ቀየረው? መቼ? የቀድሞው የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያጋጠማችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ የተቋም ስም ሳልጠቅስ አሰባስቤ እመለስበታለሁ።

ቸር እንሰንብት።